ያገለገለች ትንሽ የዓሣ ጀልባ ለመግዛት፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን አለው። ጅቡቲ ሠርተው ጥሪት የቋጠሩ የመንዝና የይፋት ልጆች አሉ። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ ተደራጅተው ዝዋይ ወይም ወሎ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማስገር የሚዘጋጁ ወጣቶችም አሉ። እኔ 9 ዓመት ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ 2 ዓመት ደግሞ ዝዋይ ላይ በትንንሽ ጀልባ ሠርቻለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። የሚደውልልኝም፣ መንገድ ላይ የሚያቆመኝም ሰው የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለሆነ መልሱን እዚህ ጻፍኩት።

ጀልባ ማየት ከመጀመሬ በፊት ምን ልወስን?

የት እንደምታድሩ ወስኑ። ቀን ቀን ሁሏም ጀልባ ደህና ትመስላለች። ፀሐይ አለ፣ ዳርቻው ይታያል፣ ትንሽ ውሃ ቢገባም በጣሳ ይቀዳል። ጉዷ የሚወጣው ሌሊት ነው። እናንተ ተኝታችኋል፣ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሯል፣ ዳርቻው አይታይም፣ ውሃው ቀስ እያለ ይገባል። ስለዚህ ጀልባዋን ለሌሊቱ ምረጧት። የሌሊቱን የቻለች የቀኑ አያቅታትም።

ውሃው ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጠባይ አለው። ዝዋይ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ቢጠልቅ ነው። ለጀማሪ የሚያስተማምን ይመስላል። ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ስለሆነ ጎኗ ዝቅ ያለ ጀልባ ውስጥ ውሃ ይረጫል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፉ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ነው። ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣና ከሰዓት በኋላ ባሕሩን ያስነሳዋል። በክረምቱ ወራት ደግሞ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከየብሱ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ይሄኛው ሞተሩ የጠፋበትን ሰው ከዳርቻ ይዞት ይርቃል።

ሐይቅ ላይ ውሎ ለመመለስ 5 ሜትር የምትሆን ጀልባ ትበቃለች። ባሕር ላይ ለ2 ሰው አዳር ከ6 እስከ 7 ሜትር፣ ወርዷ ከ2 ሜትር ያላነሰ፣ ጎኗ ከፍ ያለና ከፊት በኩል ከፊል ጣሪያ ያላትን ፈልጉ። ሆዷ ከፊት እንደ ማረሻ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ማዕበሉን ሰንጥቃ ታልፋለች። ዝርግ ሆድ ያላት ለዝዋይ ዳርቻ ትመቻለች፤ ባሕር ላይ ግን ማዕበሉ ላይ እየተፈጠፈጠች ወገብ ታደቅቃለች።

ፋይበር ግላስ፣ አልሙኒየም ወይስ እንጨት?

እኔ ፋይበር ግላስ እላለሁ። አይዝግም፣ ጥገናውም ይለመዳል።

አልሙኒየም ቀላል ናት። ሁለት ሦስት ሰው ገፍቶ ከውሃ ያወጣታል፤ ይሄ ለሐይቅ ትልቅ ነገር ነው። ስትገዟት መሬት ላይ አስቀምጧት፣ ውስጧን ውሃ ሙሉት፣ ከሥር ሆናችሁ የት የት እንደምታንጠባጥብ ተመልከቱ። ላሜራው በሪቬት የተያያዘበት ቦታ ነው ብዙ ጊዜ የሚላላው። ባሕር ላይ የሠራች ከሆነ ደግሞ ነሐስ ወይም መዳብ አልሙኒየሙን የነካበትን ቦታ ሁሉ እዩ። ጨዋማ ውሃ ውስጥ እነዚህ ሲገናኙ አልሙኒየሙ ይበላል።

የእንጨት ጀልባ ታምራለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግን አልመክርም። የግድ ከሆነ ከቤት ወስፌ ይዛችሁ ሂዱ። በውሃው መስመር፣ በመጋጠሚያዎቹና በወለሉ ሥር እየወጋችሁ ፈትሹ። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሳል። ወስፌው ቅቤ እንደመውጋት ሰተት ብሎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል።

ጋሼ፣ እኔ ስለ ጀልባ ምንም አላውቅም። ሻጩ እንዳያታልለኝ እንዴት ልፈትሽ?

በሬ ገዝተህ ታውቅ የለ? ገበያ ላይ ቆሞ የሚያምር በሬ አይተህ ዝም ብለህ ብር አትቆጥርም። ታስኬደዋለህ፣ አፉን ትከፍታለህ፣ ሰኮናውን ታነሳለህ። ጀልባም እንደዚያው ናት። ደግሞም የሚፈተሸው ቦታ ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ከውሃ ትውጣ። ውሃ ላይ ያለችን ጀልባ ገዝቶ ሆዷን በኋላ ማየት የለም። ከዚያ በካቻቪቴ እጀታ ወይም በሳንቲም ሆዷን ከፊት ጀምረህ በስሱ እየመታህ ሂድ። ጤነኛ ፋይበር ግላስ ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በድንገት ድፍን ካለ እዚያ ቦታ ንጣፎቹ ተላቀዋል ወይም ውሃ ገብቷል። በጠመኔ አክብበው። ክቦቹ አንድ ሁለት ከሆኑ ጥገና ነው። ከበዙ ሌላ ጀልባ ፈልግ።

ቀጥሎ ውስጥ ገብተህ ወለሉን በእግርህ ርገጥ። በተለይ ጥግ ጥጉንና ሰው አዘውትሮ የሚቆምበትን። እንደ ፍራሽ ዝቅ ብሎ የሚመለስ ወለል ከሥሩ የበሰበሰ እንጨት አለው። የብዙ ፋይበር ግላስ ጀልባ ወለል ውስጡ እንጨት መሆኑን ሰው ይረሳዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እይ። የጀልባዋ ወገብ እሱ ነው። ውጭው ፋይበር፣ ውስጡ ብዙውን ጊዜ እንጨት ነው። የሞተሩ ብሎኖች የገቡበት ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ውሃ በዚያ ሰርጎ እንጨቱን ለዓመታት ያበሰብሰዋል። ከውጭ ምንም አይታይም። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን ከውሃ እንደሚወጣ አድርገህ ወደ ላይ አንሳው፣ ከዚያ ጫፉን ይዘህ ወደ ታች ተጫን። ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ፣ ከጥጉ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም ከብሎኑ ሥር ቡናማ ውሃ ካወጣ፣ የሻጩ ዋጋ ጥሩ ሆነም አልሆነም ተመለስ።

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዬ ጀልባ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ነበር። ሻጩ በቅርቡ እንዳሳደሳት ነገረኝ፤ እኔም ቀለሟን አይቼ አመንኩ። በሁለተኛው ወር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከደሴት አጠገብ መልህቅ ጥለን ተኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተረከዜ ሲቀዘቅዝ ነቃሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል። የኋላው ግድግዳ በጥጉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ በክብደቱ እየጎተተ ያሰፋዋል። እስኪነጋ ሁለታችን በባልዲ ስንቀዳ አደርን። ጓደኛዬ ዋና አይችልም ነበር። ያን ሌሊት ፊቱን ሳይ የተሰማኝ ነገር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ለዚህ ነው አዲስ ቀለም ያላት አሮጌ ጀልባ ሳይ መጀመሪያ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ የምጠይቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጀልባ ከወለሉ ሥር እንዳትሰጥም የሚያደርግ ፎም አላት። ያ ፎም ዕድሜ ሲጫነው ውሃ ይጠጣል። ጀልባዋ ከመጠኗ በላይ ከከበደች፣ ወይም ባዶዋን ሆና ኋላዋ ወደ ውሃው ከተቀበረ፣ ጠርጥር።

ሞተሩስ? ደብረ ብርሃን አምጥተን ሞክረነው ደከመብን።

ደብረ ብርሃን ላይ ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ይደክማል። ከባሕር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ሳስቷል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው እዚህ ወደ 29 ይወርዳል። ካርቡሬተር ካለው ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ ስለሚበዛበት ያጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። እና እዚህ በርሜል ውስጥ ነክራችሁ ስለደከመ ብቻ ሞተሩን አትፍረዱበት።

ነገሩ ወደ ሐይቅ ስትሄዱም ይከተላችኋል። ዝዋይ 1,640 ሜትር አካባቢ፣ ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ነው። እዚያ ሞተሩ ከ15 እስከ 18 በመቶ ይቀንሳል። ከባሕር የመጣ ጀልባ የገዛ ሰው "ሞተሩ ታመመ" ብሎ ገንዘቡን ሜካኒክ ላይ ይጨርሳል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ነው። ልክ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ እንደሚቀንሰው ማለት ነው።

በርሜሉ ውስጥ ማየት ያለባችሁ ሌላ ነው። ሞተሩ እንደተነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መርጨት አለበት። ካልረጨ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ጎማ አልቋል፣ ወይም ቱቦው በጨው ተደፍኗል። ጎማው ርካሽ ነው። ጎማው ሳይቀየር የተነዳ ሞተር ግን ውስጡ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት፣ አስለኩ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ የታችኛውን ካምቢዮ ዘይት ትንሽ አፍስሱ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ብረት ብናኝ ካለበት ጥርሶቹ እየተበሉ ነው። ሻጩ እናንተ ሳትደርሱ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ሞተር የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።

ስንት የፈረስ ጉልበት? ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ?

ለ6 ሜትር ጀልባ 40 ይበቃል። ከጀልባዋ አቅም በላይ ጉልበት መጫን ያን የኋላ ግድግዳ መግደል ነው።

ጅቡቲ ዳርቻ የያማሃ ኤንዱሮ ቱ ስትሮክ በብዛት ታገኛላችሁ። ቀላል ነው፣ መለዋወጫው አለ፣ የትም ይፈታል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀልለታል፤ 50 ለ1 ለሚለው ሞተር 50 ሊትር ቤንዚን ላይ 1 ሊትር ዘይት ማለት ነው። ፎር ስትሮክ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ጥገናውም ጠንቃቃ እጅ ይፈልጋል። ገንዘባችሁ ከፈቀደ ለአዳር ፎር ስትሮክ ይሻላል።

40 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ሞተር በሙሉ ጋዝ በሰዓት 15 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። ቱ ስትሮኩ ከዚያ ይበልጣል። ቤንዚናችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለማይታወቀው። ይህን ከመሬት ሳትነሱ አድርጉት።

ጀልባ ውስጥ ማደር በእርግጥ ይቻላል? ምን ምን ይያዝ?

ይቻላል፣ ደስ የሚልም ነው። ሐይቅ ላይ ማታ ሲረጋጋ ሰማዩ ውሃው ውስጥ ይወርዳል። ግን የደጋ ሰው ስለሆንን አንድ ልማዳችን ያስፈራኛል፦ ከሰል። እዚህ በብርድ ምክንያት ከሰል ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ለቅሶ ያልደረሰ የለም። ጀልባ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ከዚያ ቤት ትጠባለች፤ ሸራ ሲወርድባት ደግሞ የባሰ ነው። ከሰልም፣ ቡታጋዝም፣ የሚሠራ ጄኔሬተርም ውስጥ አይግባ። በዚያ ላይ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ሥር ይጠራቀማል። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። እኔ ለአዳር የምይዘው እሳት የማይፈልግ ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። እናቶቻችን ለመንገደኛ ያዘጋጁት የነበረው ስንቅ ለጀልባም የተሠራ ይመስለኛል።

ውሃ ታጁራ ላይ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቁጠሩ። ዝዋይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ያዙ። የመንዝ ዝተት ይሞቃል፣ ግን አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ላስቲክ ውስጥ ቋጥሩት። ሸዋ ሮቢት ያደገ ሰው ወባን ማስተማር አያሻውም፤ አጎበር የሚንጠለጠልበት ቦታ ጀልባዋ እንዳላት ሳትገዙ እዩ። ርዝመቷንም ተኝታችሁ ለኩ። አዎ፣ ሻጩ ፊት ጋደም በሉ። ወንበሮቹ መሃል እግር የማይዘረጋባት ጀልባ ለአዳር አትሆንም።

ዝዋይና ጣና ላይ ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ ዳርቻ ይወጣል፣ ሲነጋ ወደ ውሃ ይመለሳል። ደንገል ውስጥ ተጠግታችሁ አትደሩ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትገኙ።

ባትሪውንም ፈትሹ። ሌሊት ሁለት ነገር መሥራት አለበት፦ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕና ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት። ያለ መብራት የቆመች ጀልባ በጨለማ ለሚመጣ ሌላ ጀልባ ድንጋይ ናት። ፓምፑ ቢኖርም ባልዲ አይቅር።

መልህቁ ከጀልባዋ ጋር ይመጣል?

ይመጣል፣ ገመዱ ግን ብዙ ጊዜ አጭርና ያረጀ ነው። ገመዱን አዲስ ግዙ። መልህቅ የሚይዘው ተጋድሞ ሲጎተት ነው፤ ስለዚህ ለአዳር የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ 7 እጥፍ ይሁን። ስሌቱ እንዲህ ነው። ውሃው 4 ሜትር፣ ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ 1 ሜትር፣ በድምሩ 5። በ7 ስታበዙት 35 ሜትር። ታጁራ ላይ ባሕሩ ይሞላል ይጎድላል፤ በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ ስትወለድ ልዩነቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። ባሕሩ ጎድሎ ሳለ ከጣላችሁ እነዚያን 2 ሜትሮች ጨምሩና 49 ሜትር ይሆናል። ሞልቶ ሳለ ከጣላችሁ ደግሞ ሥሩን እዩ። ሌሊት ውሃው ሲሸሽ ኮራል ላይ የተቀመጠች ጀልባ አይቻለሁ።

ከመልህቁ ቀጥሎ 4 ሜትር ያህል ሰንሰለት አስገቡ። ሁልጊዜ ከፊት እሰሩ። ከኋላ የታሰረች ጀልባ ማዕበሉን በዝቅተኛ ጎኗ ትቀበለዋለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞላ ትችላለች።

ዋና አልችልም። ልተወው?

ተማር። እስከዚያው የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ በልኩ፣ ተለብሶ። ወንበር ሥር የተቀመጠ አይቆጠርም። አብዛኞቻችን ዋና ሳንማር ያደግን የደጋ ልጆች ነን፤ ይሄ ሊያሳፍረን አይገባም፣ ግን ጃኬቱን ማታ ተኝተንም እንድንለብስ ያስገድደናል።

እንዴት ላጓጉዛት?

ከጅቡቲ ወደ ዝዋይ የምትሄድ ከሆነ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ ያለው መንገድ ይሻላታል። ቤተሰብ እንዲያያት ብላችሁ ደብረ ብርሃን አታድርሷት፤ ጣርማ በርን በጭነት መውጣት ለእሷም ለሾፌሩም ድካም ነው። ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ወሎ ሐይቅ የሚወስድ ሰው ግን ጣርማ በርን መውረዱ አይቀርም። በጠዋት፣ ጉሙ ሲገለጥ ውረዱ። ተጎታች ከሆነች ከመነሳታችሁ በፊት ኩሽኔታውን አስከፍቱ። ጨው ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ደብረ ሲና ሳይደርስ ይነክሳል። አይሱዙ ላይ ከተጫነች ከሥሯ አሮጌ ጎማ አንጥፉ። ሞተሩን ደግሞ ፈትታችሁ ለብቻው ጫኑት፤ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ በኮረኮንች መንገድ መሄድ የለበትም።

ወረቀትስ?

ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሻጩ ሰነድ ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ከተፋቀ አትንኩት። አገር ውስጥ ለገበያ ለማስገር በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመረብ የሚሆን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሐይቁ ያለበት ወረዳ ሂዳችሁ ጠይቁ።

ሁሉንም ፈትሼ ወደድኳት። አሁን ልክፈል?

ገና ነው። ቀብድ ስጡና አንድ ሌሊት ውሃ ላይ ታስራ እንድታድር ጠይቁ። እናንተ ማደር የለባችሁም። ማታ ወለሏን በጨርቅ አድርቁ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ ከጎኗ ውሃው የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አብዛኛው ሻጭ ቅር አይለውም፤ ቅር ካለው እሱም መልስ ነው። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ቀድማችሁ ድረሱና ሁለት ነገር እዩ። ጠመኔው ከውሃ በላይ ነው ወይስ ሰጥሟል? ወለሉን ስትከፍቱስ ምን ያህል ውሃ ትቀዳላችሁ? አንድ ጣሳ ከሆነ ጤዛ ነው፣ ክፈሉ። አንድ ባልዲ ከሆነ ከየት እንደገባ ሻጩ ያሳያችሁ፣ ዋጋውም ይውረድ። ከባልዲ ካለፈ ቀብዳችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።